«ቲቸር፣ በጉ የት ገባ?»

ሐይቅ ከተማ አጠገብ ባለ አንድ ትምህርት ቤት አይሲቲ አስተምራለሁ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ ከ5ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ያሉ ልጆችን ሰብስቤ ኮዲንግ፣ ማለትም ለኮምፒውተር ትዕዛዝ መጻፍ፣ አለማምዳለሁ። ሦስት ዓመት ሆነኝ። «እኛም ልጆቻችንን ማስጀመር እንፈልጋለን፣ ግን ኮምፒውተር የለንም» የሚሉ መምህራንና ወላጆች ይጠይቁኛል። ይህን የምጽፈው ለእነሱ ነው።

እኛም አልነበረንም። በ2014ቱ ጦርነት የኮምፒውተር ክፍላችን ተዘርፏል። ስንመለስ ያገኘነው ጠረጴዛዎቹንና የተቆረጡ ገመዶችን ነው። ዛሬ አራት ላፕቶፖች አሉን። የሁለቱ ባትሪ ሞቷል፤ መብራት ሲጠፋ አብረው ይጠፋሉ። ልጆቹ 30 ናቸው። ግን ኮምፒውተር ሳይኖረን የሠራናቸው ጥቂት ወራት ከሁሉም የበለጠ ጠቅመውናል። አሁን አርባ ላፕቶፕ ቢሰጠኝ እንኳ የመጀመሪያዎቹን አራት ቅዳሜዎች ያለ ኮምፒውተር ነው የማሳልፋቸው።

የመጀመሪያው ቀን ግን እንዲህ አላሰብኩም ነበር። ጥቁር ሰሌዳው ላይ «ፕሮግራሚንግ ማለት…» ብዬ ትርጉሙን ጻፍኩ። ልጆቹ ቀጥ ብለው ገለበጡ። በሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ልጅ ብጠይቀው ተነሥቶ፣ እጁን አጣምሮ፣ አንድ ቃል ሳይስት ወጣልኝ። ጓደኞቹ አጨበጨቡለት። «ጎበዝ። በራስህ አባባል ንገረኝ እስቲ?» ስለው አንገቱን ደፋ። ጥፋቱ የልጁ አልነበረም። የጠየቅኩትን በትክክል ሰጥቶኛል። እኔ ነኝ የሚሸመደድ ነገር ያቀበልኩት።

በሦስተኛው ቅዳሜ ጀበና ይዤ ሄድኩ። ጀበና፣ ማንደጃ፣ የተወቀጠ ቡና፣ ሲኒዎችና አንድ ጆግ ውሃ። ከሰሉ አልተያያዘም። «ዛሬ እኔ ማሽን ነኝ» አልኳቸው። «ቡና አፍልቼ አላውቅም። የምትሉኝን ብቻ ነው የማደርገው። ያላላችሁኝን አላደርግም።»

አንዷ ፈጠን ብላ «ጀበናውን ጣደው» አለች። ባዶውን ጣድኩት። «ውሃ!» ብለው ጮኹ። «ውሃ አላላችሁኝም» አልኩ። «እሺ ውሃ ጨምርበት።» ጆጉን አንሥቼ በጀበናው ሆድ ላይ፣ በውጭ በኩል አፈሰስኩት። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። «በአፉ! በአፉ!» «በማን አፍ?» ከዚያ በኋላ ሁሉም መናገር ትቶ ማሰብ ጀመረ። «ጀበናውን በቀኝ እጅህ ያዝ። ጆጉን በግራ እጅህ አንሣ። ውሃውን በጀበናው አፍ አንቆርቁር። አንገቱ ጋ ሲደርስ አቁም።» ይቺ «ሲደርስ አቁም» ያለችውን ልጅ ልስማት ነበር። አንድ ሥራ መቼ እንደሚያበቃ መናገር ትልቁ ቁም ነገር ነው፤ እሷ ደግሞ ማንም ሳያስተምራት ደረሰችበት።

ትዕዛዙ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ ሲያልቅ 19 መስመር ሆነ። አቦሉ ተቀዳ እንበል። ከዚያ አንዱ እጁን አወጣ፦ «ቲቸር፣ ለቶናው ደግሞ ሁሉንም እንደገና ልንጽፈው ነው?» ስጠብቀው የነበረው ጥያቄ ይሄው ነው። በትዕዛዞቹ ዙሪያ ክብ ቀስት ሠርቼ ከላዩ «3 ጊዜ ድገም» ብዬ ጻፍኩ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ፕሮግራመሮች ሉፕ የሚሉት ይህንኑ ነው። ወዲያው ግን ከኋላ የተቀመጠች ልጅ ተቃወመች። «ልክ አይደለም። ለቶናና ለበረካ ቡና አይጨመርም፣ ውሃ ብቻ ነው።» እውነቷን ነው። እንደጻፍነው ቢሆን ማሽኑ ሦስቴ ቡና ይጨምር ነበር። ስለዚህ ቡና መጨመሩን ከክቡ አወጣነው፤ ውሃው፣ ማፍላቱና መቅዳቱ ውስጥ ቀሩ። ከድግግሞሽ ውስጥ ምን ይገባል፣ ምን ይወጣል የሚለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እንኳ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። የወሎ ልጅ ግን ቡና ሲፈላ እያየ ነው ያደገው፤ ምሳሌውን ከቤቱ ይዞት ይመጣል።

ከጀበናው ጨዋታ የወጣ አንድ ሌላ ነገር አለ፤ እስከ ዛሬ እየተጠቀምንበት ነው። ፕሮግራም ውስጥ ያለ ስህተት «ባግ» እንደሚባል ነገርኳቸው። በእንግሊዝኛ ነፍሳት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1947 ሃርቫርድ ማርክ 2 የሚባል ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ አንዲት የእሳት እራት ተገኝታ ሠራተኞቹ መዝገብ ደብተራቸው ላይ ለጥፈዋታል። ቃሉ ከዚያ በፊትም ይሠራበት ነበር፤ ታሪኩ ግን ደስ ስለሚል ለልጆች እነግራቸዋለሁ። እነሱ ግን የሰሙት «በግ» ብለው ነው። ላርማቸው ስል አንዱ፣ ከትምህርት መልስ በግ የሚጠብቅ ልጅ፣ ቀደመኝ። «ቲቸር፣ ታዲያ በጉ የት ገባ?»

ላርመው አልኩና ተውኩት። ይልቅ «አንተ በግ ሲጠፋብህ ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። «መጀመሪያ እቆጥራለሁ፤ በእርግጥ መጥፋቱን። ከዚያ መጨረሻ ወዳየሁት ቦታ እመለሳለሁ። ከዚያ ዱካውን እያየሁ እሄዳለሁ። ዝም ብሎ ሜዳ ለሜዳ መሮጥ አይጠቅምም።»

እኔ ይህንን ለመማር ዓመታት ፈጅቶብኛል። ፕሮግራም አልሠራ ሲል ጀማሪ ሁሉ የሚያደርገው ሜዳ ለሜዳ መሮጥ ነው። እዚህ ይነካል፣ እዚያ ይቀይራል፣ ይብስ ያበላሸዋል። ልምድ ያለው ሰው በመጀመሪያ ስህተቱ በእርግጥ መኖሩን ያረጋግጣል። ከዚያ እስከ የት ድረስ በትክክል ሲሠራ እንደነበር ይፈልጋል። ከዚያ አንድ አንድ መስመር እያለ ይወርዳል። የልጁን አባባል በትልቅ ወረቀት ጽፌ ግድግዳው ላይ ለጠፍኩት፦ «ቁጠር። መጨረሻ ያየኸው ቦታ ተመለስ። ዱካውን ተከተል።» ከዚያ ቀን ወዲህ ክፍላችን ውስጥ «ተሳሳትኩ» የሚል የለም። «በግ ጠፍቶብኛል» ነው የሚባለው። በግ የጠፋበትን ሰው ደግሞ ማንም አይስቅበትም፤ አብሮ ይፈልግለታል።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ልጆቻችን ስህተትን የሚያውቁት በቀይ እስክሪብቶ ነው። ተሳስቶ መሳቂያ ከመሆን ዝም ብሎ መቀመጥን ይመርጣሉ። ፕሮግራም መጻፍ ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መሳሳትና ማረም ነው። ልጁ ስህተትን መፍራቱን ካልተወ የቱንም ያህል ጥሩ ኮምፒውተር ቢቀርብለት አይነካውም።

ቀጥለን ወደ ገበጣ ሄድን። ግቢው ውስጥ በሁለት ረድፍ 12 ጉድጓዶች ቆፈርን፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር። «ታናሽ ወንድማችሁ ጨዋታውን አያውቀውም እንበል። አንድ ዙር እንዴት እንደሚጫወት ጻፉለት» አልኳቸው። «ከአንዱ ጉድጓድ ሁሉንም ዝገን። ወደ ሚቀጥለው ሂድ። አንድ ጣል። እጅህ ባዶ እስኪሆን ድገም።» ከቡናው ጋር ልዩነቱን ራሳቸው አዩት። ቡናው 3 ጊዜ ነው፤ ቁጥሩ ይታወቃል። ገበጣው ግን «እስኪሆን ድረስ» ነው፤ ስንት ጊዜ እንደሚደገም አስቀድሞ አይታወቅም። ሁለቱም ዓይነት ድግግሞሽ በአብዛኞቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች ውስጥ አለ።

«ከሆነ» እና «ካልሆነ»ን ያስተማርኩት በጳጉሜን ነው። ጳጉሜን አንዳንዴ 5፣ አንዳንዴ 6 ቀን ትሆናለች። መቼ ነው 6 የምትሆነው? አንድ የቄስ ትምህርት ቤት የተማረ ልጅ «በዘመነ ሉቃስ ነዋ!» አለ። ደንቡን አብረን አወጣነው። ዓመተ ምሕረቱን ለ4 አካፍል። ቀሪው 3 ከሆነ ጳጉሜን 6 ቀን ናት፤ ካልሆነ 5። 2015ን ሞከርነው፤ ቀሪው 3፣ ልክ ነው። 2011ም ልክ ሆነ። ያው ልጅ በሌላ ቀን አያቱን ጠይቆ የመስከረም 1ን ዕለት ማውጫ ይዞ መጣ። ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ትደምራለህ። የመጣውን ለ4 አካፍለህ፣ ቀሪውን ትተህ፣ ድርሻውን መልሰህ በላዩ ትጨምራለህ። ድምሩን ለ7 ታካፍላለህ። ቀሪው 1 ከሆነ ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ እንዲያ እያለ ይሄዳል፤ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ሰኞ ነው። ለ2018 እንሞክረው፦ 7518 ሲደመር 1879፣ 9397 ይሆናል። ለ7 ሲካፈል ቀሪው 3። ሐሙስ። ልጆቹ የቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አውርደው አመሳከሩ። ጭብጨባው ለእኔ አልነበረም፤ አባቶቻችን ያለ ማሽን ለሠሩት ስሌት ነበር። እኔም የዚያን ቀን እንደ አዲስ ተደነቅኩ።

አንዷ ተማሪ «የረመዳኑንስ ማውጣት እንችላለን?» አለች። የሂጅራው ዓመት በጨረቃ ስለሚሄድ 354 ወይም 355 ቀን ነው፤ ለዚህ ነው ረመዳን በየዓመቱ ወደ ኋላ የሚሸሸው። ግምቱን አወጣን። መግቢያውን ቁርጥ አድርጎ ለመናገር ግን ጨረቃዋን የሚያይ ሰው ያስፈልጋል። ማሽን የትኛውን እንደሚችል፣ የትኛው ደግሞ ለሰው እንደሚቀር ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሥር ደቂቃ ብቻ ካላችሁ ደግሞ የቁጥር ግምቱን ሞክሩ። ከ1 እስከ 100 አንድ ቁጥር በሆዳችሁ ያዙ። ልጆቹ ይገምቱ፤ እናንተ «ከፍ» ወይም «ዝቅ» ብቻ በሉ። ሁልጊዜ መሀሉን ከጠየቁ በ7 ግምት ሳያልፉ ያገኙታል። እስከ 1000 ብታደርጉት 10 ብቻ ይበቃል። እንዴት 900 ቁጥር ተጨምሮ ግምቱ በ3 ብቻ እንደጨመረ እንዲነግሯችሁ ጠይቁና ዝም በሉ።

ላፕቶፖቹ ሲመጡ ስክራችን ጫንን። ስክራች ለልጆች ተብሎ በኤምአይቲ የተሠራ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ የቀረበ፣ በነፃ የሚገኝ ፕሮግራም ነው። ትዕዛዞቹ ባለ ቀለም ብሎኮች ናቸው፤ ልጁ በማውስ እየጎተተ አንዱን ከሌላው ጋር ይገጥማቸዋል። ነጠላ ሰረዝ ረሳህ፣ ፊደል ገደፍክ የሚል ጣጣ የለውም። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ ደሴ ላይ አንዴ አውርጄ በፍላሽ ነው ያመጣሁት። የሉል ምልክቷን (በአዲሶቹ እትሞች «Settings» ውስጥ ናት) ስትጫኑ የቋንቋ ዝርዝር ይመጣል፤ አማርኛም አለበት። ኮምፒውተራችሁ በጣም አሮጌ ከሆነ 1.4 የሚባለውን የቆየ እትም ፈልጉ፤ በነዊንዶውስ ኤክስፒ ላይ ሳይቀር ይሠራል።

30 ልጅ በ4 ላፕቶፕ እንዴት ይሆናል? አሥራ አምስቱን ውጭ ገበጣና ካርድ አጫውታለሁ፤ አሥራ አምስቱ ውስጥ ይገባሉ። አንድ ላፕቶፕ ላይ ሦስት ወይም አራት ልጅ ማለት ነው። መጀመሪያ ላይ ማውሱን አንድ ጉልበተኛ ይይዘዋል፤ ሌሎቹ አንገታቸውን አስግገው ያያሉ። ሴቶቹ ደግሞ ዳር ላይ ይቀራሉ። ስለዚህ ሥራ ከፋፈልን። አንዱ «እጅ» ነው፦ ማውሱን ይይዛል፣ ግን ከራሱ አይሠራም። አንዱ «አፍ» ነው፦ ያዛል፣ ግን አይነካም። አንዱ «ዓይን» ነው፦ በግ ይጠብቃል። አራተኛ ካለ ከ«ዓይን» ጋር ይጠብቃል። በየ10 ደቂቃው ደወል አሰማለሁ፣ ቦታ ይለዋወጣሉ። አፍ የሆነው ልጅ ሐሳቡን በግልጽ መናገር አለበት፤ አለዚያ እጁ አይንቀሳቀስለትም። የጀበናው ጨዋታ እዚህ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። አንዲት የ6ኛ ክፍል ልጅ ነበረች፤ ዝምተኛ። ስክራች ላይ ያለችውን ድመት በማያ ገጹ ከዳር እስከ ዳር እያስኬደች ነው። ድመቷ ዳር ደርሳ ስትመለስ ግን ተገልብጣ በጭንቅላቷ ትሄዳለች። ስክራች የሞከረ ሁሉ ይህን ያውቀዋል፤ የመዞሪያውን ዓይነት «ግራ ቀኝ» ማድረግ ብቻ ነው። ልጅቷ ግን ሃያ ደቂቃ ሙሉ ፈለገች። ሰዓቱ እየሄደ፣ መብራቱም ሊጠፋ ይችላል ብዬ ቸኮልኩ። ማውሱን ከእጇ ወስጄ ጠቅ አደረግሁና «ይኸው» አልኳት። ድመቷ ቀጥ ብላ ሄደች። ልጅቷ ምንም አላለችም። በሚቀጥለው ቅዳሜ አልመጣችም፤ ከዚያ በኋላ ባለውም እንዲሁ።

ቤቷ ሄድኩ። እናቷ ቡና አፍልተው ነበርና «ይግቡ መምህር፣ ቡና ደርሷል» አሉኝ። ልጅቷ ሲኒ ስታቀርብ ቀና ብላ አላየችኝም። እናቷ «ምን አጥፍታ ነው?» አሉኝ። «እሷ ምንም አላጠፋችም እትዬ፤ ያጠፋሁ እኔ ነኝ» ብዬ የሆነውን ነገርኳቸው። ልጅቷ የዚያን ጊዜ ነው የተናገረችው። «ላገኘው ደርሼ ነበር» አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ይቅርታ ጠየቅኋት። በሦስተኛው ቅዳሜ መጣች፤ በሩ ላይ የበግ ጠባቂው ልጅ ጠብቆ «አብሽሪ፣ ቲቸር ሁለተኛ አይነካም» አላት። እሱ በኔ ስም ቃል ገባ፤ እኔም ቃሉን ጠበቅኩ።

እናንተም ልጅ ስታለማምዱ የምለምናችሁ ይህን ነው። ማውሱን አትንኩ። መልሱን ብታውቁትም አትንገሩ። «መጨረሻ በትክክል የሠራው የቱ ጋ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁና ታገሡ። ሃያ ደቂቃ ከፈጀ ይፍጅ። ዕድሉን የነጠቃችሁት ልጅ በዚያ ቀን ፕሮግራሙ ይሠራለታል፤ የእሱ ግን አይሆንም።

ሙዚቃም አለ፤ ሳልነግራችሁ ባልፍ ይቆጨኛል። ስክራች ላይ የሙዚቃ ብሎክ ስትጨምሩ ድምፆች በቁጥር ይጻፋሉ። የትዝታ ሜጀር ቅኝትን አምስት ድምፆች 60፣ 62፣ 64፣ 67፣ 69 ብላችሁ አስገቡ። «ከእነዚህ አንዱን በዘፈቀደ ምረጥ፣ ተጫወት፣ ድገም» በሉት። ማሽኑ የራሱን ትዝታ ያንጎራጉራል። ከዚያ አምባሰልን 60፣ 61፣ 65፣ 67፣ 68 ብላችሁ ቀይሩት። ልጆቹ ቁጥር ሲቀየር ስሜት ሲቀየር ይሰማሉ። አንድ አባት ልጃቸውን ሊወስዱ መጥተው «ልጆቹ እዚህ ስልክ እንደሚጎረጉሩት ነው እንዴ የሚጎረጉሩት?» ብለው ነበር። አምባሰሉን ሲሰሙ ቆሙ። ተቀመጡ። ልጃቸው እንዴት እንደሠራው ብሎክ በብሎክ አስረዳቸው። እሳቸውም «ይቺኛዋን ድምፅ ትንሽ አቆያት» እያሉ ያርሙት ጀመር።

ያቺ የ6ኛ ክፍል ልጅ አሁን 7ኛ ደርሳለች። ከግጦሽ የሚመለሱ በጎች የሚቆጠሩበት ጨዋታ እየሠራች ነው። በጎቹን ራሷ ነው የሳለቻቸው። አንድ በግ በረት ሲገባ ነጥብ በ1 ይጨምራል። ባለፈው ቅዳሜ ጨዋታውን ጨርሳ እንደገና ስታስጀምረው ነጥቡ ከዜሮ አልተነሣም፤ ከቀድሞው 14 ቀጠለ። ምክንያቱን ወዲያው አየሁት። ጨዋታውን የሚያስጀምረው ባንዲራ ሲጫን ነጥቡን ዜሮ የሚያደርግ ብሎክ የለም። አጠገቧ ቆሜያለሁ። ቀና ብላ አየችኝ።

«ቲቸር፣ እንዳይነግሩኝ» አለች።

ሁለት እጄን ኪሴ ከተትኩ። እሷም ከላይ ጀምራ ብሎኮቹን አንድ አንድ እያለች መቁጠር ጀመረች።